በአሮጌ የቀለም ብዕር ውስጥ የደረቀ ቀለም እንዴት ይጸዳል?

ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቆየ የቀለም ብዕር ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ጫፉን ወረቀት ላይ ያስኬደዋል፤ ብዕሩም ከደረቅ ጭረት በቀር የሚተወው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የብዕሩን ዕጣ ይወስናል። አንዱ የፈላ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ሌላው አልኮል ያፈስበታል፣ ሌላው ደግሞ መርፌ አንስቶ የጫፉን ስንጥቅ ይጎረጉራል። ሰባና ሰማንያ ዓመት ደህና የኖረ ዕቃ በዚህች አጭር ጊዜ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። የደረቀው ቀለም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብዕሩን እምብዛም አልጎዳውም ነበርና፣ የጎዳው ቀለሙን ቶሎ ለማስወጣት የተደረገው ጥድፊያ ነው።

የደረቀ የብዕር ቀለም በአብዛኛው ውሃው ተንኖ የሄደበት ቀለም ነው፤ ውሃው ከተመለሰለትና በቂ ጊዜ ካገኘ መልሶ ይሟሟል። ችግሩ ያለው ውሃው ከቀለሙ በተጨማሪ ምን ምን እንደሚነካ ባለማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌ ብዕር ውሃ ከመንካቱ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ እነሱም ውስጡ የደረቀው ቀለም ዓይነት፣ ብዕሩ የተሠራበት ቁስና ቀለም የሚሞላበት ስልት ናቸው።

በብዕሩ ውስጥ ቀለሙ የሚሄደው በየት ነው?

ከውጭ የሚታየው የብዕሩ ጫፍ ከወርቅ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ መሐል ለመሐል እጅግ በቀጭን ስንጥቅ ለሁለት የተከፈለ ምላስ ነው። ከሥሩ ተለጥፎ የሚታየው ጥቁር ቁራጭ ቀለም መጋቢው ሲሆን፣ በላዩ ላይ ቀለም የሚወርድባቸው ከፀጉር ብዙም የማይሰፉ ቦዮች ተፈልፍለዋል። ጫፉና መጋቢው ጣት በሚያርፍበት የብዕሩ አንገት ውስጥ ተጠባብቀው ይገባሉ። ከአንገቱ ኋላ፣ በብዕሩ ቀፎ ውስጥ፣ የቀለሙ ማጠራቀሚያ ይገኛል።

ቀለሙን ወደ ወረቀቱ የሚያመጣው የፋኖስ ክር ጋዝን ወደ ላይ የሚስብበት ያው ኃይል ነው። ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን እየያዘ ራሱን ይጎትታል፤ ክፍተቱ በጠበበ መጠን ጉተታው ይበረታል። ይሁን እንጂ ቀለም ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር ወደ ማጠራቀሚያው መግባት ይኖርበታል። ሙሉ ጠርሙስ ቢደፋ ውሃው በአንድ ጊዜ ከመፍሰስ ይልቅ አየር እየሳበ በየመሐሉ እንደሚንደቀደቅ ሁሉ፣ ብዕርም አየርና ቀለም የሚተላለፉበት መንገድ ካልተበጀለት ወይ ይደርቃል ወይ ይንጠባጠባል። ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘበት መጋቢ ይህን ልውውጥ በጥቃቅን ቦዮች ያስተካከለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መጋቢዎችም በዚሁ መርህ ይሠራሉ።

የደረቀ ቀለም ይህን ያህል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብዕሩ የሚሠራው ቦዮቹ ጠባብ በመሆናቸው ነው፤ ጠባብ በመሆናቸውም በቀላሉ ይደፈናሉ፣ ብሩሽም ሆነ ጨርቅ አይገባባቸውም። ወደዚያ ሊገባ የሚችለው ፈሳሽ ብቻ ነው። አየሩ የሚገባበት ቦይ ብቻ ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ብዕሩ ሁለት መስመር ያህል በደንብ ይጽፍና በድንገት ይቆማል። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች ጥፋቱ የጫፉ ይመስላቸዋል።

ቀለም ሲደርቅ ምን ይሆናል?

በብዛት የሚሸጠው የብዕር ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። ውሃው ሲተን ማቅለሚያው፣ በውስጡ ያለው ጨውና ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ የተጨመረው ወፈር ያለ ፈሳሽ በየቦዩ ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። ይህ ዓይነቱ ቅርፊት ሃምሳ ዓመት ቢቆይም ውሃ ያሟሟዋል። ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይለቅቃል፤ አንዳንድ ቀይና ሐምራዊ ቀለሞች ግን ፕላስቲኩን ራሱን ስለሚያቀልሙ፣ ቀለሙ ወጥቶ ካለቀ በኋላም እድፉ ሊቀር ይችላል። እድፍ ብዕሩን ከመጻፍ አያግደውምና እሱን ለማስለቀቅ ተብሎ ኃይለኛ ኬሚካል ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዓይነት በድሮ ጊዜ ለመዝገብና ለውል ተመራጭ የነበረው ብረት የገባበት ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ነው። ይህ ቀለም ከዛፍ እብጠት የሚገኝ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገርና የብረት ጨው ተዋሕደው የሚሰጡት ሲሆን፣ በጠርሙስ ውስጥ እያለ ሟሚ ነው። አየር ሲያገኘው ግን ብረቱ ኦክሲጅን ወስዶ ውሃ የማያሟሟው ጥቁር ውሁድ ይሆናል። በወረቀት ላይ ጽሑፉን ለዘመናት የሚያቆየው ይህ ባሕርይ በብዕር ውስጥ ችግር ይሆናል። በተጨማሪም ቀለሙ አሲድነት ስላለው የወርቁን ጫፍ ባይነካም የብረቱን ጫፍና በቀፎው ውስጥ ያሉትን የብረት ክፍሎች ሊበላ ይችላል።

ሦስተኛው በድሮ አጠራር የሥዕልና የንድፍ ቀለም የሚባለው፣ ጥቀርሻ ከሼላክ ወይም ከሌላ ማጣበቂያ ጋር የተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም ነው። ይህ በመንከሪያ ብዕር እንዲጻፍበት የተሠራ ቢሆንም ባለማወቅ የቀለም ብዕር ውስጥ የሞሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። የጥቀርሻው ብናኝ በውሃ አይሟሟም፣ ማጣበቂያውም ከደረቀ በኋላ እንደ ቫርኒሽ ስለሚጠነክር፣ እንዲህ የተደፈነ ብዕር አብዛኛውን ጊዜ ጫፉና መጋቢው ተነቅለው ካልሆነ አይጸዳም።

የትኛው እንደደረቀ ለመለየት ቀላሉ መንገድ የረጠበ ነጭ ሶፍት በጫፉ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ነው። ደማቅ ቀለም ወዲያው ከተዘረጋ ነገሩ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ከታየ፣ ወይም በማጉያ መነጽር ሲታይ መጋቢው ላይ አሸዋ የመሰለ ጥቁር ቅንጣት ካለ፣ ከፊት ያለው ሥራ ረዘም ይላል።

ብዕሩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

በአሮጌ ብዕሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ብዕሮች አብዛኞቹ ኤቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ የተሠሩ ናቸው። ኤቦናይት ብዙ ድኝ ተጨምሮበት የበሰለ ጎማ ነው፤ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ሲያሹት የድኝ ሽታ ይሰጣል። ብርሃን ለዓመታት ያረፈበት ኤቦናይት ላይኛው ገጹ ተለውጦ ይቆያል፣ ለውጡ ግን ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ውሃ፣ በተለይም ትኩስ ውሃ፣ ሲነካው ጥቁሩ ድንገት ቡናማ ወይም የወይራ መልክ ይይዛል። እንዲህ ያለ አንድ ብዕር ማታ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘፍዝፌ ጠዋት ሳወጣው፣ በክዳኑ ተሸፍኖ የኖረው ክፍል ጥቁር፣ የቀረው ቡናማ ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ብዕሩ ዛሬም ይጽፋል፣ የቀድሞ መልኩ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ኤቦናይት የሆነ ቀፎና ክዳን ውሃ ውስጥ አይገባም፤ መጋቢውም ቢሆን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጸዳል።

ሴሉሎይድ ከናይትሮ ሴሉሎስና ከካምፎር የሚሠራ የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን፣ ሼፈር የተባለው ብዕር አምራች እ.ኤ.አ. በ1924 በዚህ ቁስ ብዕር ማምረት ከጀመረ በኋላ ሌሎቹ ተከትለውታል። የዚያ ዘመን ብዕሮች የዕንቁና የዕብነ በረድ መልክ የሚይዙት በሴሉሎይድ ምክንያት ነው። አሴቶን ያሟሟዋል፣ አልኮል ያለሰልሰዋል፣ ሙቀት ያጣምመዋል፣ እሳት ከነካው ደግሞ እጅግ በፍጥነት ይቀጣጠላል። ስለዚህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በአሮጌ ብዕር አጠገብ መድረስ የለበትም።

ካዚን የሚባለው ደግሞ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን፣ በተለይ ኮንዌይ ስቲዋርትን በመሳሰሉ የእንግሊዝ ብዕሮች ላይ ይገኛል። መልኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሌላው ቁስ ለሰዓታት የሚታገሠውን ውሃ ካዚን አይችለውም። የብዕሩን ቁስ በእርግጠኝነት መለየት ካልተቻለ ካዚን ሊሆን ይችላል ብሎ ቀፎውን ከውሃ ማራቅ ይበጃል።

ቀለም የሚሞላበት ስልት ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዕሩ ሲሠራ ቀለም እንዲስብ የተሰጠው ስልት፣ ሲጸዳም ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው። ይህ በር ይሠራ እንደሆነ ሳይታወቅ በጉልበት መክፈት ሌላው የተለመደ የመስበሪያ መንገድ ነው።

በቀፎው ጎን ላይ ትንሽ የብረት ማንሻ ያላቸው ብዕሮች በውስጣቸው የላስቲክ ከረጢት አላቸው። ዋልተር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ስልት ለአሥርተ ዓመታት በሰፊው አገልግሏል። ማንሻው ሲነሳ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ሲመለስ ከረጢቱ ተነፍቶ ቀለም ይስባል። ላስቲክ ግን ሲያረጅ ወይ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ይጣበቃል ወይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይደርቃል። ስለዚህ ማንሻውን በጥፍር ጫፍ ቀስ ብለው ይሞክሩት። ለስለስ ብሎ የሚገፋ ነገር ከተሰማ ከረጢቱ በሕይወት አለ፤ ድንጋይ የመሰለ ነገር ካገደው እዚያው ያቁሙ። ገፍተው ከቀጠሉ ማንሻው ይታጠፋል ወይም ቀፎውን ይሰነጥቃል። የደረቀ ከረጢት ማጽዳት አይቻልም፤ ፍርፋሪው ወጥቶ በአዲስ ይተካል፣ አዲሱም በአንገቱ ላይ በሼላክ ይጣበቃል። ሥራው ከባድ ባይሆንም አንገቱ ከቀፎው መውጣት ስላለበት፣ ላልለመደ እጅ የመጀመሪያው ብዕር ውድ ባይሆን ይመረጣል።

ፔሊካን እ.ኤ.አ. በ1929 ገበያ ላይ ያዋለው ዓይነት ባለ ፒስተን ብዕር ከኋላው ያለው ጉብ ሲዞር በውስጡ እንደ ሲሪንጅ የሚሄድ መግፊያ አለው። ቀለም የደረቀበት ፒስተን ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ በጥንቶቹ ላይ ያለው የቡሽ ማሸጊያም ደርቆ ይኮማተራል። ጉቡ አልዞር ካለ ጫፉን በውሃ ውስጥ አድርጎ አንድና ሁለት ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም በየጊዜው በጥቂቱ መሞከር ያስፈልጋል። በጉልበት የዞረ ጉብ ጥርሱ ከተበላ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ለገበያ የቀረበው ፓርከር 51 ጫፉና መጋቢው በሙሉ ማለት ይቻላል በሽፋን ውስጥ የተደበቁ ናቸው፤ ከሽፋኑ ሥር በርካታ ቀጫጭን ክንፎች ያሉት ቀለም ማቆሪያ አለ። ክንፎቹ የያዙት ቀለም ደርቆ ከሆነ ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። ብዕሩ የጸዳ መስሎ ከታየ በኋላ ለቀናት ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ከሌሎቹ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉ የባሰው እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ፓርከር 61 ነው። በመጀመሪያው አሠራሩ ምንም ተንቀሳቃሽ ክፍል ሳይኖረው፣ የኋላውን ጫፍ ቀለም ውስጥ ሲያቆሙት በራሱ እንደ ስፖንጅ እየሳበ የሚሞላ ነበር። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ቀለም ሲደርቅበት ግን ውሃን ገፍቶ የሚያስወጣ ምንም ነገር በውስጡ ስለሌለ፣ ከኋላው በጎማ ፊኛ ውሃ እየገፉ ደጋግሞ ከማጠብ ሌላ መንገድ የለውም።

ማጽዳቱ ከየት ይጀምራል?

ከቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይጀምራል። ከተገኘ ማዕድን የሌለበት የተጣራ ውሃ ይሻላል፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ጨው ራሱ ቦይ ይደፍናልና። በአንድ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ የጫፉን ቁመት ያህል ብቻ ውሃ ይደረግና ብዕሩ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ እንዲቆም ይደረጋል። ውሃው ጫፉንና የመጋቢውን ፊት መሸፈኑ ይበቃል። የቀረውን ውሃው ራሱ ይሠራዋል፤ ቀለሙን ሲያወርድ የነበረው የጠባብ ክፍተት ጉተታ አሁን ውሃውን በየቦዩ ወደ ላይ ይወስደዋል።

በዚህ ጊዜ ብርጭቆውን ከነጭ ወረቀት ፊት አስቀምጦ ማየት ተገቢ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ምንም የለም። ከዚያ ከስንጥቁ ጫፍ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ክር ይወርዳል፤ ክሩ የብርጭቆው ወለል ላይ ሲደርስ ተጠቅልሎ ይተኛና ከሥር እየወፈረ የሚሄድ ንጣፍ ይሠራል። ቀለም የተሸከመው ውሃ ከንጹሑ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ንጹሑም በቦታው ይተካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እጅ ሳይነካው ነው። ውሃው ወደ ላይ ድረስ ከተቀለመ ግን ልውውጡ ስለሚቆም መቀየር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ሁለቴ መቀየር በቂ ነው። አንድ ሙሉ ቀን የተለመደ ሲሆን፣ ክፉኛ የደረቀበት ብዕር ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ቅርፊቱ ከለሰለሰ በኋላ ማጠብ ይከተላል። የመሙያ ስልቱ የሚሠራ ከሆነ ውሃ እየሳቡ ማስወጣት ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ማለት ይቻላል፣ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ሲደጋገም ይገረጣል። አንገቱ ከቀፎው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለጆሮ ማጠቢያ የሚሆነውን የጎማ ፊኛ ውሃ ሞልቶ ከኋላ በኩል ለስለስ ባለ ግፊት ማሳለፍ ሥራውን በእጅጉ ያፋጥነዋል። እንደ ኤስተርብሩክ ጄ ባሉ ብዕሮች ጫፉና መጋቢው አንድ ላይ በብሎን የሚፈቱ በመሆናቸው ነገሩ ይቀላል፤ ቢሆንም የደረቀ ቀለም እንደ ሙጫ ስለሚይዛቸው፣ ሳይዘፈዝፉ ለመፍታት መሞከር አያዋጣም።

አንገቱ በሼላክ የታሸገ ሆኖ መውጣት ካለበት በፀጉር ማድረቂያ ከርቀት እያዞሩ ማሞቅ የተለመደ ነው። ሼላክ በመጠነኛ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ሴሉሎይድ የሚጣመምበት ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቁሱ እጅ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሊሞቅ አይገባም፣ እሳት ደግሞ ከቶ አይታሰብም። ፒንሳም ባይነካው ይሻላል፤ የፒንሳ ጥርስ የተወው ምልክት አይጠፋም።

ውሃ ብቻውን ካልበቃስ?

ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ውሃው ንጹሕ ሆኖ እያለ ብዕሩ አሁንም ካልጻፈ፣ ለውሃ ትንሽ ረዳት ይታከልለታል። የመጀመሪያው አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ሳሙናው ውሃው በጠባብ ቦታ በቀላሉ እንዲገባ ያደርገዋል። ቀጣዩ ለቤት ጽዳት የሚሸጥ፣ ሽቶም ሆነ ማቅለሚያ የሌለበት አሞኒያ ሲሆን፣ አንዱ እጅ አሞኒያ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጠብታ ሳሙና ይጨመርበታል። በዚህ ውስጥ ጫፉንና መጋቢውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየትና ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ካስፈለገም መድገም፣ ለረጅም ሰዓት ከመዘፍዘፍ ይመረጣል። አሞኒያ አሉሚኒየምንና መዳብ ያለባቸውን እንደ ናስ ያሉ ብረቶች ስለሚጎዳ፣ እነዚህ ባሉበት ቦታ አይገባም፤ ካዚንንም መንካት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አሞኒያና በረኪና ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። አንዱ ባልሠራ ጊዜ በዚያው ብርጭቆ ሌላውን የመሞከር ፈተና ስላለ ከመነሻው በረኪናን ከጠረጴዛው ማራቅ ይገባል።

ብረት የገባበት ቀለም ለአሞኒያ አይበገርም። እሱን የሚፈታው ቫይታሚን ሲ፣ በኬሚካል ስሙ አስኮርቢክ አሲድ ነው። ቀለሙ የማይሟሟ የሆነው ብረቱ በኦክሲጅን ምክንያት ስለተለወጠ እንደነበር ከላይ ተገልጿል፤ አስኮርቢክ አሲድ ይህንን ለውጥ ወደ ኋላ መልሶ ብረቱን እንደገና ሟሚ ያደርገዋል። አንድ ቁንጥር ንጹሕ ዱቄት በትንሽ ውሃ አሟሙቶ ጫፉን ለአጭር ጊዜ መንከር ብዙ ጊዜ ይበቃል። አሲድ ስለሆነ የብረት ጫፍ ያለው ብዕር ውስጡ ሊቆይ አይገባም፤ ከአሞኒያው ጋርም እርስ በርስ ስለሚሻሩ በመካከላቸው ብዕሩ በደንብ መታጠብ አለበት።

ጌጣጌጥና መነጽር በሚጸዳበት፣ ውሃን በማይሰማ ድምፅ በሚያርገበግብ መሣሪያ መጠቀምም ይቻላል። መሣሪያው በውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎችን እየፈጠረ ያፈነዳቸዋል፤ አረፋዎቹ ብሩሽ የማይደርስበት ቦይ ውስጥ ገብተው ቅርፊቱን ያላቅቃሉ። እዚህ ውስጥ የሚገቡት ከቀፎው የተለዩ ጫፍና መጋቢ ብቻ ናቸው፣ እነሱም ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ርግብግቡ ያሰፋዋል፣ የተለበጠ ወርቅም ሊያነሳ ይችላል።

መርፌ ማስገባት ለምን ይከፋል?

የጫፉ ስንጥቅ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ድረስ የሚሳበው በዚህ መጥበብ ነው። መርፌ ሲገባ ሁለቱን ወገን ወደ ጎን ይከፍታቸዋል። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ የተከፈተው በራሱ አይመለስም፣ ስበቱም ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩ ንጹሕ ቢሆንም አይጽፍም። በስንጥቁ ውስጥ የቀረ ነገር በማጉያ መነጽር ከታየ፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የናስ ቅጠል ቆርጦ ውሃ በነካው ጫፍ ላይ አንድ ሁለቴ ብቻ ከላይ ወደ ታች ማሳለፍ ይቻላል። ናስ ለስላሳ በመሆኑ ወርቁን አይጭርም፤ ምላጭ ግን ይጭራል።

ክዳኑስ?

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። በክዳኑ ውስጥ ጫፉን አየር እንዳያገኘው የሚከልል ሌላ ትንሽ ክዳን አለ፤ በብዙ ዓመታት የተንጠባጠበው ቀለም እዚያ ይጋገራል። ብዕሩ ተጸድቶ ክዳኑ ሲገጠምለት ያ ቅርፊት በእርጥበቱ ረጥቦ አንገቱን እንደገና ያቀልመዋል፤ ባለቤቱም ብዕሩ ያፈስሳል ብሎ ያስባል። ክዳኑን ውሃ ውስጥ መጨመር ግን በውስጡ ያለውን የመያዣ ስፕሪንግ ያዝጋል። በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ በጥቂቱ አርጥቦ፣ ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየሩ ማሸት፣ ቀጥሎም በደረቅ ጥጥ መምጠጥ ይበቃል።

ጸድቷል የሚባለው መቼ ነው?

የሚወጣው ውሃ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አስተማማኝ ምልክት አይደለም። ውሃ በሰፊው መንገድ በፍጥነት ሲያልፍ በጠባቦቹ ቦዮች ያለውን ሳይነካ ሊሄድ ይችላል። ትክክለኛው መፈተኛ ሶፍት ነው። ሶፍት አራት አምስት ጊዜ ታጥፎ በአንድ ጠባብ ብርጭቆ ሥር ይቀመጥና ብዕሩ ጫፉ እንዲያርፍበት ሆኖ ይቆማል። ወረቀቱ በውስጥ የቀረውን ውሃ ቀስ ብሎ ይመጠዋል፣ ውሃውም በጠባቦቹ ቦዮች አልፎ ሲወጣ የቀረውን ቀለም ይዞ ይመጣል። ከሰዓታት በኋላ ወረቀቱ ሲከፈት ሰማያዊ ክብ ከተገኘ ብዕሩ ወደ ውሃው ይመለሳል። ክቡ ገርጥቶ ገርጥቶ እርጥበት ብቻ ሲቀር ሥራው አልቋል። ከዚህ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደርቃል፤ በውስጡ ውሃ የቀረበት ብዕር የሚሞላውን አዲስ ቀለም ያቀጥነዋል።

የቀደመውን ቀለም ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ለመልክ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ብረት የገባበት አሲዳማ ቀለም ቅሪት ከሌላ ዓይነት ቀለም ጋር ሲገናኝ በቦዮቹ ውስጥ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል፣ ያም ከመጀመሪያው ቅርፊት የባሰ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከጸዳ በኋላ ብዕሩ ማፍሰስ ይጀምራል። ይህ ሲሆን ጥፋቱን በማጽዳቱ ላይ ማድረግ አይገባም፤ የደረቀው ቀለም ለዓመታት ደፍኖት የኖረ ስንጥቅ ወይም የላላ ማሸጊያ ተገልጦ ነው።

ለመጀመሪያው ሙሌት በቀላሉ የሚታጠብ ተራ ሰማያዊ ቀለም ይመረጣል። ጥቂት ብቻ ሞልቶ አንድ ገጽ ያህል መጻፍ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ጽሑፉ ገረጣ ያለ ሊሆን ይችላል፣ በመጋቢው ውስጥ የቀረችው ውሃ እየወጣች ነውና። ከገጹ መሐል በኋላ መስመሩ ወጥ መልክ ከያዘ፣ ከዚያም ብዕሩ በክዳኑ ተዘግቶ አድሮ ጠዋት ሳይነቀነቅ በመጀመሪያው ንክኪ ከጻፈ፣ አየሩም ቀለሙም መንገዳቸውን አግኝተዋል።